ነገርን ከሥሩ፦ የቤት ኢንተርኔት በቡና አገር



ዛሬ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉ የቡና ከተሞች ነዋሪዎች የምናገረው በየቤታችን ስላለች አንዲት ትንሽ ሣጥን፣ ስለ ራውተር ነው። ባለፈው ክረምት ከጅማው ፈረንጅ አራዳ ብዙም ከማይርቅ ሰፈር አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ውጭ አገር ካለው ልጄ ጋር በቪዲዮ መነጋገር አቃተኝ። ፊቱ ደርቆ ይቀራል፤ ድምፁም እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ቤት ገብቼ ራውተሩን ፈለግሁት፤ አጣሁት። በኋላ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። «እማማ፣ ይህን ለምን አለበሱት?» ብላቸው፣ «አቧራ እንዳይበላው ነዋ! ስንት ብር የወጣበት ዕቃ!» አሉኝ። ዳንቴሉን ገልጬ ብነካው በጣም ግሏል። አውጥተን ከሰው ቁመት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ሳሎኑ መሐል አካባቢ አኖርነው። በዚያው ምሽት ልጃቸው ሲደውል ፊቱ ሳይደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨዋወቱ። አዲስ ዕቃ አልገዙም፤ ፓኬጅም አልጨመሩም።

እኚህ እናት ዕቃውን የከደኑት ስለሚሳሱለት ነው። የጎደለባቸው ሣጥኗ የምትሠራውን ሥራ የነገራቸው ሰው ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን እናማርራለን፤ ቀጥሎ ራውተሩን አጥፍተን እናበራለን፤ አልሆን ሲል ከፍ ያለ ፓኬጅ እንገዛለን። ከሁሉ መቅደም የነበረበትን፣ መዘግየቱ የት ቦታ እንዳለ መፈለጉን ግን እንዘለዋለን። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚህ ተረት ማብራሪያ ነው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የጅማ ነጋዴ የቡና ዋጋ የሚሰማው ከአዲስ አበባ በሚደወል ስልክና ከሾፌር አፍ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በኋላ ቡናም ሲገባበት፣ ዋጋ በየቀኑ በአደባባይ የሚታይ ነገር ሆነ። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ ደን ተጨፍጭፎ የተመረተ ምርት እንዳይገባ በሚከለክል ሕግ መሠረት፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ የት እንዳለ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። የሕጉ ተፈጻሚነት ጊዜ ቢራዘምም ሥራው ግን ከወዲሁ መጠናቀቅ ያለበት ነው። ማሳው ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ስለዚህ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከማና ወይም ከሊሙ የተነሳ ቡና በመኪና ሲሄድ፣ መረጃው በኢንተርኔት መስመር አብሮት ይሄዳል። መረጃው መንገድ ላይ ከቀረ ቡናውም ገዢው በር ላይ ይቆማል።

እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ያያችሁ ሁሉ መዘግየቱ ያለበትን ቦታ ስለ መፈለግ የምለው ይገባችኋል። ቀዩ እሸት ከለቃሚው እጅ ወደ መረከቢያው፣ ከመረከቢያው ወደ መፈልፈያው ማሽን፣ ከማሽኑ ወደ ማብላያው ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ ማድረቂያው አልጋ ይሄዳል። ሥራው ከዘገየ ብልህ የጣቢያ ኃላፊ «የተከማቸው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የተከማቸው ማሽኑ ጋ ከሆነ ሃምሳ ለቃሚ ቢጨምር ክምሩን ከማሳደግ በቀር ምንም አይፈይድም።

የቤት ኢንተርኔትም ሦስት ምዕራፍ አለው። አንደኛው ከስልካችሁ ወይም ከኮምፒውተራችሁ እስከ ራውተሩ፣ በአየር ላይ፣ በዋይፋይ ያለው ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነስቶ በገመድ በምሰሶው በኩል እስከ ቴሌ ጣቢያ ያለው ነው። ሦስተኛው ከጣቢያው አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድንበር ተሻግሮ ወደ ዓለም የሚዘልቀው ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ነው። ሁለተኛው ግማሹ በእጃችሁ ነው። በሦስተኛው ላይ ሥልጣን የላችሁም፤ ቢሆንም ለይቶ ማወቁ ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? በመለካት። ላፕቶፕ ካለ በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኙት፤ የስልኮችን ሁሉ ዋይፋይ አጥፉ፤ ከዚያ የፍጥነት መለኪያ ገጽ ከፍታችሁ ለኩ። ቀጥሎ ያንኑ ልኬት ኬብሉን ነቅላችሁ በዋይፋይ ድገሙት። አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትፍረዱ። ለሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከወረደ ሕመሙ ቤት ውስጥ ነው። በኬብልም በዋይፋይም፣ ጠዋትም ማታም ደካማ ከሆነ ሁለተኛውን ምዕራፍ፣ መስመሩን ጠርጥሩ። ንጋት ላይ ሸጋ ሆኖ ምሽት ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት መጨናነቅ ነው። ይህ ቤታችሁ ውስጥ ብዙ ሰው ስላለ ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ተያይዞበትም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። ፓኬጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሜጋቢት ነው። ኮምፒውተራችሁ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳያችሁ ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ8 ሜጋቢት ፓኬጅ ገዝቶ ፋይሉ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ሲወርድ ያየ ሰው የከፈለበትን ሙሉውን አግኝቷል ማለት ነው። ለክስ ከመሄድ በፊት ኪሎውንና ፈረሱላውን መለየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አንደኛው ምዕራፍ፣ ወደ ቤታችን እንግባ። ዋይፋይ እንደ ፋኖስ ብርሃን ነው፤ ከተቀመጠበት ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። ፋኖስን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ቤቱ ለምን ጨለመ የሚል የለም። የዋይፋይ ትልልቅ ጠላቶች ብረትና ውኃ ናቸው። ብረት ይመልሰዋል፤ ውኃ ይውጠዋል። የእኛ አካባቢ ቤት ደግሞ በሁለቱም የታደለ ነው። የሱቃችን ክፍልፋይ ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ብረት ነው። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። በግቢው ያለው ቡናና ሙዝ ቅጠሉ ሁሉ ውኃ ያዘለ ነው። «በበጋ ሰርቪስ ቤት ድረስ ይደርስ ነበር፤ በክረምት ጠፋ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ያዩት ትክክል ነው።

ስለዚህ ራውተሩን ከፍ ባለ ቦታ፣ ለቤቱ መሐል በቀረበ፣ ከፍሪጅ፣ ከመስታወትና ከቴሌቪዥን ጀርባ በራቀ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ አኑሩ። ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ከሆነ ግን ሕጉ ይለያል፤ እሱ መጀመሪያ ከማማው መቀበል ስላለበት ወደ ማማው ባለው መስኮት አጠገብ ይሁን። እንደ ጌራ ባለ ኮረብታማ አገር ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በማዛወር ብቻ ለውጡ ይታያል።

አዳዲሶቹ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግን ከአንድ ግድግዳ በላይ ይደክማል። ሳሎን ያለ ቴሌቪዥን በ5ቱ፣ ጓዳና ሰርቪስ ቤት ያለ ስልክ በ2.4ቱ ቢያያዝ መልካም ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ደግሞ በ2.4ቱ ሞገድ ላይ የሁሉም ራውተር በአንድ መንገድ (ቻናል) ላይ ይጋፋል። ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሄዱት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ቡና ስትጠጡ ተነጋገሩና ተከፋፈሏቸው። ደቦና ዳዶ የለመደ ሕዝብ ይህን መከፋፈል አይከብደውም።

ራውተሩን ስትተክሉም ሆነ ስታስተካክሉ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ አለ፤ ይህን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ብራውዘር ላይ ስትጽፉ የራውተሩ ገጽ ይከፈታል። ከሁሉ በፊት ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የመግቢያ የይለፍ ቃል ቀይሩ። ቀጥሎ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር አድርጉ፤ የልጃችሁ ስምና የስልክ ቁጥራችሁ አይሁን። የጥበቃው ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን። በዚያው ገጽ ላይ የተያያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ቁጠሩ። ቤታችሁ አምስት ስልክ ኖሮ ዝርዝሩ አሥራ አራት ካሳየ መልሱን አግኝታችኋል። እንግዳ ማስተናገድ ባህላችን ነው፤ ለእንግዳ ግን የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል ለብቻው የሚከፈት በር አለ፤ እሱን ስጡ።

ሁለተኛው ምዕራፍ መስመሩ ነው። መስመራችሁ የድሮው የስልክ መዳብ ከሆነ አንድ የተፈጥሮ ሕግ እወቁ፤ መዳቡ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት ከ20 ሜጋቢት በላይ ሊያገኝ በሚችልበት ቴክኖሎጂ፣ 4 እና 5 ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል። ለዚያ ቤት ትልቅ ፓኬጅ መሸጥም መግዛትም ትርጉም የለውም። በእጃችሁ ያለው የቤት ውስጡ ክፍል ነው። የስልክ መነጋገሪያውን አንሱና አዳምጡ። የመደወያው ድምፅ ጥርት ያለ ከሆነ መልካም፤ የሚንጫጫ ከሆነ መስመሩ ታሟል። ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ ስፕሊተር የምትባለዋን ትንሽ ማከፋፈያ ተመልከቱ፤ ወይ የለችም፣ ወይ ተገልብጣ ተሰክታለች።

አንድ ቤት መስከረም ላይ ሄጄ የገመዱን መጋጠሚያ ፈታሁት። ሁለቱ መዳቦች በእጅ ተጠማዘው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ላስቲኩን ስፈታው የክረምቱ ውኃ ጠብ አለ፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ቆርጠን፣ አዲስ መዳብ አውጥተን፣ በአግባቡ አገናኝተን ከጣሪያ ሥር ወደ ደረቅ ቦታ አዛወርነው። ሰኔና ሐምሌን ሙሉ ሲቆራረጥ የከረመው መስመር ከዚያ ወዲህ ጸና።

ፋይበር ለገባላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፋይበር ብርሃን የሚሸከም የብርጭቆ ክር ነው፤ ዝናብና መብረቅ አያውከውም። ጠላቱ መታጠፍና ቆሻሻ ነው። ትርፉን ገመድ ከቡና ሲኒ አፍ ጠበብ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት፤ በሩ ሥር አታሳልፉት፤ ጫፉን በጣት አትንኩት። ሣጥኑ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከበራ ብርሃኑ ወደ ቤታችሁ አልደረሰም፤ ራውተሩን መቶ ጊዜ ብታጠፉት አይመጣምና በቀጥታ አመልክቱ።

መብራትንም አልረሳም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኃይሉ መጠን ይዋዥቃል፤ ራውተርን ቀስ በቀስ የሚገድለው ይህ ነው። የተበላሸውን አዳፕተር በተገኘው አትተኩት፤ ራውተሩ 12 ቮልት ከጠየቀ 12፣ 9 ከጠየቀ 9 ይሁን፤ አምፔሩም ከተጻፈው አይነስ። ደካማ አዳፕተር ያለበት ራውተር አይጠፋም፤ በየሰዓቱ ራሱን እያስነሳ ያደክማችኋል። መብረቅ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ የኃይሉን ሶኬትና የስልኩን መዳብ ሁለቱንም ንቀሉ። ብዙ ሰው ኃይሉን ብቻ ይነቅላል፤ መብረቁ በስልኩ ገመድ ይገባል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለቡና ሥራ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። አጋሮ አካባቢ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛዋ «ጠዋት ጠዋት ይፈጥናል፤ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ኢሜይል እንኳ አይከፈትም» አለችኝ። መስመሩን ለካሁት፤ ደኅና ነው። ዋይፋዩም ደኅና ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማሳ ሲለኩ የዋሉ ሁለት ወጣቶች ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ገቡ። ስልካቸው ከቢሮው ዋይፋይ ጋር እንደተያያዘ ኢንተርኔቱ ቀጥ አለ። ቀን ያነሷቸው ፎቶዎች ማንም ሳያዛቸው ወደ መጠባበቂያ መጫን ጀምረው ነበር።

የመዳብ መስመር ወደ ታች፣ ማለትም ወደ እናንተ በሚመጣው በኩል፣ ሰፊ፤ ወደ ላይ፣ ማለትም ከእናንተ በሚወጣው በኩል፣ ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 32 ሜጋቢት ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደው መንገድ ግማሽ ሜጋቢት ከሆነ አንዱ ፎቶ ብቻውን 64 ሰከንድ ይፈጃል። 200 ፎቶ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ መንገዱን ዘግቶ ይይዛል። «ፎቶው ወደ ላይ ሲሄድ የእኔ ኢሜይል ወደ ታች መምጣቱ ለምን ተከለከለ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። እኔም «መጋዘናችሁ ቡና ሲረከብ ደረሰኝ ካልተቆረጠ ባለመኪናው የሚቀጥለውን ጭነት ያራግፋል?» አልኳት። «አያራግፍም» አለች። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ አብዛኛው መረጃ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ ደረሰኝ ወደ ላይ እንዲመለስለት ይጠብቃል። የላይኛው መንገድ በፎቶ ከተዘጋ ደረሰኙ ይዘገያል፤ ደረሰኝ ያላገኘው ላኪም ይቆማል።

መፍትሔው ትልቅ ፓኬጅ አልነበረም። የፎቶውን ራስ ሰር ጭነት አጠፋን፤ የማሳ ነጥቦቹን ብቻ በፋይል ላክን። የአንድ ማሳ ነጥብ ከአጭር የጽሑፍ መልእክት አይበልጥም። ፎቶዎቹ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ሌሊት እንዲሄዱ ሆነ። ስለዚህ ፓኬጅ ስትገዙ «ወደ ታች ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ወደ ላይስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእኛ አገር ቡናም የሚወጣው፣ ማስረጃውም የሚወጣው ወደ ላይ ነው።

ሦስተኛውን ምዕራፍ በአጭሩ ልለፈው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመራችን በጎረቤት አገሮች አልፎ፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል፣ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ገመዶች ሲቆረጡ የአካባቢው አገሮች መረጃ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። እንዲህ ያለ ቀን ራውተር መነቅነቅ አይጠቅምም። የፍጥነት ልኬቱ ጥሩ ሆኖ ገጾች ለመክፈት ብቻ የሚያመነቱ ከሆነ ግን የአድራሻ መዝገብ የሆነውን ዲኤንኤስ በራውተሩ ገጽ ላይ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ቀይራችሁ ሞክሩ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ መብታችሁን ጠይቁ። ኢትዮ ቴሌኮም ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ስሙ ያገለግላል፤ የደንበኞች መስመሩ 994 ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ወደ ገበያው ገብቷል። ወደ የትኛውም ስትሄዱ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «በኬብል ለክቼ፣ ለሦስት ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል፤ የከፈልኩት ይህን ያህል» የሚል ሰው ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለሙያ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ለወጣቶቻችን አንድ አደራ አለኝ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በኮምፒውተርና በኤሌክትሪክ ሙያ ልጆች ያስመርቃል። ከመካከላችሁ ይህን የተማራችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ኔትወርክ ኬብልና አንድ ላፕቶፕ ይዛችሁ የሰፈራችሁን እናቶች ቤት አንኳኩ። የምታገኙት ዳንቴል የለበሰ ራውተር ይሆናል። ዳንቴሉን በእጃችሁ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ለምን እንደሚነሳ አስረዷቸው፤ ከዚያ በኋላ እነሱ ራሳቸው ለጎረቤታቸው ይነግራሉ።